ከናሙና ድንጋይ እስከ ዋሻው ግድግዳ፦ የአለትና የኮንክሪት ቅርጽ መለወጥና መሰበር በሞዴል የሚሰላበት የአሠራር መመሪያ

የአለትን ወይም የኮንክሪትን መሰበር በኮምፒዩተር ማስላት ዛሬ ብዙም አያስቸግርም፤ ፕሮግራሙ የተሰጠውን ቁጥር ሁሉ ሳያጉረመርም ተቀብሎ ባለቀለም ሥዕል ያወጣል። የሚያስቸግረው በላቦራቶሪ ውስጥ የተሰበረው፣ ርዝመቱ ከስንዝር የማይበልጥ ናሙና የሰጠንን ጥንካሬ ወደ ተራራው ጥንካሬ መለወጥ ነው፤ በሥራዬ ካየኋቸው የተሳሳቱ ሞዴሎች አብዛኞቹ የተሳሳቱት ሒሳቡ ላይ ሳይሆን እዚህ መሻገሪያ ላይ ነበር። ስለዚህ ይህ መመሪያ አንድን ምሳሌ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይከተላል፦ በ300 ሜትር ጥልቀት በጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) ውስጥ የሚቆፈር፣ 5 ሜትር ዲያሜትር ያለው፣ በኋላም ኮንክሪት የሚለብስ ክብ የውኃ ማስተላለፊያ ዋሻ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የባዛልት ንጣፍ የተሸፈነው የኢትዮጵያ ደጋ እንዲህ ዓይነት ዋሻ የሚቆፈርበት ምድር በመሆኑ፣ ምሳሌው ለአገራችን መሐንዲስ እንግዳ አይሆንም። የሙከራ ውጤቶቹ ስሌቱን ለማሳየት የመረጥኳቸው ቁጥሮች እንጂ የአንድ የተወሰነ ፕሮጀክት መረጃ አይደሉም።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን መወሰን

ፕሮግራሙን ከመክፈትዎ በፊት ሞዴሉ ሊመልስልዎ የሚገባውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ግድግዳው ስንት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይገባል?» የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የሚፈልገው ሞዱለስን (የቁሱን ግትርነት) ነው። «ሳይደገፍ ይቆማል ወይ?» የሚለው የጥንካሬ መስፈርት ይፈልጋል፤ «ከተሰበረ በኋላስ ምን ያህል ይሸከማል?» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥ መረጃ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም የስትረስና የስትሬይን (በስፋት ላይ የሚያርፈው ኃይልና ከርዝመቱ አንጻር የሚደርሰው የቅርጽ ለውጥ) ኩርባ ከጫፉ ወዲያ ሲወርድ ያለውን መልክ ማወቅ ግድ ይሆናል። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሦስተኛውን ሞዴል መሥራት ጊዜ ማባከን ነው፤ ለሦስተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን ሞዴል መጠቀም ግን አደጋ ነው።

በዚያው ገጽ ላይ አሃዶችንና የምልክት ስምምነትን ይመዝግቡ። የአለት ሜካኒክስ ባለሙያዎች ግፊትን በአዎንታዊ ቁጥር ይጽፋሉ፤ አብዛኞቹ የስትራክቸር ፕሮግራሞች ግን አዎንታዊ የሚያደርጉት ጉተታን ነው። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ይህን ዘንግቼ የመነሻውን የምድር ስትረስ በተገላቢጦሽ ምልክት አስገብቼ ነበር፤ ዋሻው በመጥበብ ፈንታ ሲሰፋ እያየሁ ለሁለት ቀናት ጥፋቱን በመረቡ (ፕሮግራሙ አካሉን በሚከፋፍልባቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ ማለትም ኤለመንቶች) ላይ ስፈልግ ቆየሁ። በዚህ መመሪያ ግፊት አዎንታዊ ነው፣ ስትረስ በሜጋፓስካል ነው።

ደረጃ 2፦ ናሙናውን ማዘጋጀትና መስበር

ከቁፋሮው የወጣው ኮር (ክብ የድንጋይ ዘንግ) ዲያሜትሩ 54 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን፣ ርዝመቱ ደግሞ የዲያሜትሩ ሁለት ተኩል እጥፍ አካባቢ ቢደርስ ተስማሚ ነው። አጭር ናሙና ከማሽኑ ብረት ጋር በሚፈጥረው ሰበቃ ምክንያት ከእውነተኛው በላይ ጠንካራ መስሎ ይታያል። ጫፎቹ ተስተካክለው መሞረድ አለባቸው፤ በአንድ ጎን ብቻ የተነካ ናሙና ጭነቱን የሚሸከመው በከፊል ስፋቱ ስለሆነ የሚገኘው ቁጥር የአለቱን ሳይሆን የሞራጁን ችሎታ ይለካል። ዋሻው ከውኃ ወለል በታች ከሆነ ናሙናዎቹን ውኃ አጥግበው ይፈትኑ፤ ብዙ አለቶች ሲረጥቡ ይደክማሉና።

መለኪያ ሽቦዎችን በቁመትም በዙሪያም ይለጥፉ። የዙሪያውን መለኪያ ብዙዎች ለቁጠባ ሲሉ ይተዉታል፤ ነገር ግን አለቱ መሰበር የጀመረበትን ቅጽበት የሚናገረው እሱ ነው። ጭነቱ ሲጨምር ኩርባው መጀመሪያ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ምክንያቱም ቀድሞ የነበሩ ጥቃቅን ስንጥቆች ይዘጋሉ። ቀጥሎ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ ሞዱለስ የሚነበበው ከዚህ ክፍል ነው። ከከፍተኛው ጥንካሬ 30 እስከ 50 ከመቶ ሲደርስ አዲስ ስንጥቆች መፈጠር ይጀምራሉ፤ ይህ በቁመት መለኪያው ላይ እምብዛም አይታይም፣ በዙሪያው መለኪያ ላይ ግን መስመሩ መጉበጥ ይጀምራል። ከ70 እስከ 80 ከመቶ ገደማ ሲሆን ሲጨማደድ የነበረው ናሙና መልሶ በይዘት መስፋት ይጀምራል፤ ከዚህ ነጥብ በላይ ያለ ጭነት ለረጅም ጊዜ ቢቆይ ናሙናው ጭነቱ ሳይጨመርበትም ሊሰበር ይችላል። ለዘለቄታ የሚሸከም ነገር የሚነድፍ ሰው ከጫፉ ይልቅ ይህን ነጥብ ቢያከብር ይሻለዋል።

ከጫፉ ወዲያ ያለውን ክፍል ለመለካት የሚያስፈልገው በጎን መስፋፋት የሚቆጣጠር ግትር ማሽን ነው። የሚለመጥ ማሽን እንደተለጠጠ ቀስት ያጠራቀመውን ጉልበት ናሙናው ሲደክም በአንድ ጊዜ ይለቅበታል፤ ድንጋዩ ይፈነዳል፣ በመዝገቡ ላይም የሚቀረው ቀጥ ብሎ የወረደ መስመር ብቻ ይሆናል። ያ መስመር የማሽኑ ጠባይ ነውና ወደ ሞዴልዎ አያስገቡት። የዓይን መከላከያና የናሙና መከለያ ሳይኖር ጠንካራ ባዛልት መስበር ደግሞ በፍጹም አይገባም።

ለጉተታ ጥንካሬ የብራዚል ሙከራ የተባለው ይበቃል፤ እንደ ሳንቲም የተቆረጠ ናሙና በጠርዙ ቆሞ ይጨመቃል፣ መሐል ለመሐልም ይሰነጠቃል። ስሌቱ 2 × ኃይል ÷ (3.1416 × ዲያሜትር × ውፍረት) ነው። ዲያሜትሩ 54፣ ውፍረቱ 27 ሚሊሜትር የሆነ ናሙና በ20,600 ኒውተን ቢሰነጠቅ የጉተታ ጥንካሬው 9 ሜጋፓስካል ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ቁጥሮቹን ወደ መስፈርት መለወጥ

በዙሪያ ግፊት ውስጥ የተሰበሩ አራት ናሙናዎች አሉን እንበል። የዙሪያ ግፊቱ ማለትም ትንሹ ዋና ስትረስ 0፣ 5፣ 10 እና 15 ሲሆን፣ ናሙናዎቹ የተሰበሩበት ትልቁ ዋና ስትረስ በቅደም ተከተል 102፣ 144፣ 186 እና 213 ሜጋፓስካል ነው። በነዚህ ነጥቦች መካከል የሚያልፈው የተሻለው ቀጥታ መስመር የሚከተለው ነው፦

ትልቁ ዋና ስትረስ = 105 + 7.5 × ትንሹ ዋና ስትረስ

ይህ ፈረንሳዊው ኩሎም በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጀመረውና የጀርመኑ ሞር ያሰፋው መስፈርት ሌላው አጻጻፉ ነው። የሰበቃው ማዕዘን ሳይን (7.5 − 1) ÷ (7.5 + 1) ማለትም 0.765 ስለሆነ ማዕዘኑ 50 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የትስስር ጥንካሬው ደግሞ 105 ÷ (2 × የ7.5 ካሬ ሥር) ሲሰላ 19.2 ሜጋፓስካል ይወጣል።

አሁን መስመሩን ይጠራጠሩት። ወደ ጉተታው በኩል ብናስረዝመው የጉተታ ጥንካሬው 105 ÷ 7.5 ማለትም 14 ሜጋፓስካል ነው ይለናል፤ የብራዚሉ ሙከራ ግን 9 ብሏል። ስለዚህ በሞዴሉ ውስጥ የጉተታ መቁረጫ (ሞዴሉ ከ9 በላይ ጉተታ እንዳይሸከም የሚያደርግ ገደብ) ማስገባት ግዴታ ነው። በአንዳንድ ፕሮግራሞች የዚህ ገደብ ማስገቢያ ባዶ ሲተው ፕሮግራሙ 14ን በዝምታ ይወስዳል፤ የዋሻ ጣሪያና የተዳፋት አናት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሰበሩት በጉተታ ነው።

የአራቱ ነጥቦች አካሄድ ቀጥ ያለ እንዳልሆነም ልብ ይበሉ፤ የመጨረሻው ዝላይ ከቀደሙት ያንሳል። እውነተኛው የአለት መስፈርት ጎባጣ ስለሆነ የአለት ሜካኒክስ ተመራማሪዎቹ ሁክና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡት መስፈርት ይበልጥ ይስማማዋል። ላልተሰነጠቀ አለት ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሁለቱን ዋና ስትረሶች ልዩነት በራሱ አባዝተው ከዙሪያ ግፊቱ አንጻር ቀጥታ መስመር ይሥሩ። በኛ ቁጥሮች የመስመሩ መነሻ 10,268፣ ተዳፋቱ 1,961 ይሆናል። የመነሻው ካሬ ሥር የአለቱን ጥንካሬ 101.3 ሜጋፓስካል ይሰጣል፤ ተዳፋቱ ለዚህ ሲካፈል ኤም የተባለው ቋሚ 19.4 ገደማ ይሆናል። ለባዛልት በሠንጠረዦች የሚሰጠው እሴት 25 ሲሆን አምስት ያህል ሊቀንስ ወይም ሊጨምር ስለሚችል፣ ውጤታችን ከታችኛው ጠርዝ በጥቂቱ ቢያንስም የሚያስደነግጥ አይደለም። አንድ ሰው ለባዛልት 6 ወይም 45 አገኘሁ ቢለኝ ግን በመጀመሪያ የምጠይቀው ናሙናዎቹ ከአንድ ንጣፍ የመጡ መሆናቸውን ነው።

ደረጃ 4፦ ከናሙናው ወደ ተራራው

በላቦራቶሪ የተፈተነው ቁፋሮው ሳይሰብረው የቀረው፣ የተሻለው የአለቱ ክፍል ነው። ተራራው ግን በማቀዝቀዝ ስንጥቆች፣ በአፈር ሙሌትና በመሰበሪያ መስመሮች የተከፋፈለ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ የአለቱ ብሎኮች ከዋሻው አንጻር ምን ያህል ናቸው? ብሎኮቹ ትንንሽ ሆነው ስንጥቆቹም በብዙ አቅጣጫ ከተበተኑ፣ አለቱን እንደ አንድ ወጥ ነገር ቆጥሮ ማስላት ይቻላል። ሁለት ወይም ሦስት ስንጥቆች ብቻ አንድ ትልቅ ሽብልቅ ከጣሪያው ላይ የሚለዩ ከሆነ ግን ወጥ የሆነው ሞዴል የሚወድቀውን ብሎክ ፈጽሞ አያየውም፤ ያኔ የሚሠራው ብሎኩን ለብቻው ነጥሎ ማስላት ነው።

በባዛልታችን ላይ በተለይ የሚያሠጋው ሌላ ነገር ነው። በሁለት የላቫ ፍሰቶች መካከል ያለፈው ጊዜ ረጅም በነበረበት ቦታ፣ የቀድሞው ወለል አፈር ሆኖ በኋለኛው ላቫ ሙቀት የተጠበሰ ቀይ ንጣፍ ሆኖ ይገኛል፤ በሌላ ስፍራ ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ይገባል። እንዲህ ያለውን ንጣፍ ከጥቁር ድንጋዩ ጋር አማካይ አውጥቶ አንድ ቁጥር መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው፤ በሞዴሉ ውስጥ ራሱን የቻለ ማቴሪያል ሆኖ በትክክለኛ ቦታውና ውፍረቱ መሣል አለበት። በግልገል ጊቤ ሁለት 26 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2006 መቆፈሪያውን ማሽን ያስቆመው ደካማ ቀጣና እንጂ የጤናማው አለት አማካይ ጥንካሬ አልነበረም።

ስንጥቅ ለበዛበትና ወጥ ሆኖ ሊታይ ለሚችለው ክፍል ጂኤስአይ የሚባለውን የጂኦሎጂ መለኪያ ይገምቱ። ይህ ከ100 የሚሰጥ ነጥብ ሲሆን በሁለት ነገሮች ላይ ይመሠረታል፦ ብሎኮቹ እርስ በርስ እንዴት እንደተጠላለፉ፣ የስንጥቆቹም ገጽ ምን ያህል ሻካራና ንጹሕ እንደሆነ። ነጥቡን በቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስጠት አይቻልም፤ መንገድ ዳር በተቆረጠ ገደል ወይም በዋሻው ግንባር ፊት ቆሞ፣ ከተቻለም ከጂኦሎጂ ባለሙያ ጋር እየተከራከሩ የሚሰጥ ነው። እኛ 50 ሰጠነው እንበል።

እ.ኤ.አ. የ2002ቱ የሁክና ብራውን አሠራር በመቆፈር የሚደርስን ጉዳት የሚወክል ሌላ ቁጥርም አለው፤ በጥንቃቄ ለተቆፈረ 0፣ በፍንዳታ ክፉኛ ለተጎዳ ደግሞ እስከ 1 ይደርሳል። ጉዳት በሌለበት ሁኔታ አዲሱ ኤም 19.35 × ኤክስፖነንሻል ((50 − 100) ÷ 28) ሲሆን 3.2 ይሆናል፤ ኤክስፖነንሻል ማለት 2.718 በቅንፉ ውስጥ ወዳለው ቁጥር ሲነሣ ነው። ኤስ የተባለው ቁጥር ኤክስፖነንሻል ((50 − 100) ÷ 9) ማለትም 0.0039 ነው፤ በመስፈርቱ ውስጥ በካሬ ሥር (በ0.5) ፈንታ የሚገባው ኃይል (ኤክስፖነንት) 0.506 ይሆናል። ኤስን ወደዚህ ኃይል አንሥተን በ101.3 ስናባዛው የአለቱ ጅምላ ጥንካሬ 6.1 ሜጋፓስካል ብቻ ሆኖ ይገኛል። ናሙናው 101፣ ተራራው 6! የሁክና ዲደሪክስ እ.ኤ.አ. የ2006 ቀመርም ጉዳት በሌለበት 100,000 ÷ (1 + ኤክስፖነንሻል ((75 − 50) ÷ 11)) ሜጋፓስካል ሲል የጅምላውን ሞዱለስ 9.3 ጊጋፓስካል ያደርገዋል፤ የጤናማ ባዛልት ናሙና ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ የበለጠ ግትር ነው።

የጉዳቱን ቁጥር 0.8 ብናደርገው ጥንካሬው ከ6.1 ወደ 2.2 ይወርዳል። ብዙ ሞዴል ሠሪዎች ጥንቁቅ የሆኑ መስሏቸው ይህን ቁጥር ለመላው ተራራ ይሰጡታል፤ ፍንዳታ ግን ከግድግዳው አልፎ የሚጎዳው ውሱን ውፍረት ብቻ ነው። በዋሻው ዙሪያ አንድ ቀለበት ይሥሩና የተጎዳውን ቁጥር ለዚያ ቀለበት ብቻ ይስጡ፤ ውፍረቱን አንድ ሜትር አካባቢ አድርጎ ጀምሮ በቦታው ባለው ሁኔታ ማስተካከል ይቻላል።

ደረጃ 5፦ በእጅ ማስላት

ባለ 300 ሜትሩ የአለት ክምር በያንዳንዱ ሜትር 0.027 ሜጋፓስካል ስለሚያሳርፍ የቁም ስትረሱ 8.1 ነው። የጎን ስትረሱ በመለካት እንጂ በመገመት መታወቅ የለበትም፤ ለጊዜው እኩል ነው ብለን እንነሣ። ኪርሽ እ.ኤ.አ. በ1898 ያሳየው ስሌት በክብ ዋሻ ግድግዳ ላይ የሚደርሰው ስትረስ በዚህ ሁኔታ የመነሻው እጥፍ መሆኑን ይነግረናል፤ 16.2 ሜጋፓስካል ማለት ነው። ይህ ከ6.1 በእጅጉ ስለሚበልጥ ግድግዳው እንደሚሰበር ኮምፒዩተሩ ሳይበራ አወቅን። የጎን ስትረሱ የቁሙ ግማሽ ቢሆን ደግሞ በጎን ግድግዳ ላይ 3 × 8.1 − 4.05 ማለትም 20.3፣ በጣሪያው ላይ 3 × 4.05 − 8.1 ማለትም 4.1 ገደማ ይሆን ነበር፤ የሚሰበረው ቦታ ይለወጣል፣ የድጋፉም ቦታ እንዲሁ።

አለቱ ባይሰበር ኖሮ ግድግዳው ወደ ውስጥ የሚገባው መጠን፣ የፖይሰን ውድር (የጎን ስትሬይን ለቁመቱ ያለው ውድር) 0.25 ሲሆን፣ 1.25 × 8.1 × 2.5 ÷ 9,340 ሜትር፣ ማለትም 2.7 ሚሊሜትር ነው። ይህን ቁጥር በትልቁ ጽፈው ግድግዳዎ ላይ ይለጥፉት። የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ስሌትዎ አለቱን የማይሰበር አድርጎ ሲሠራ ይህንኑ ካልመለሰ፣ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ደረጃ 6፦ ከጫፉ ወዲያ

አለቱ ከተሰበረ በኋላ ምን ይቀረዋል? ሁክና ብራውን ራሳቸው የሰጡት ምክር እስካሁን ጥሩ መነሻ ነው፦ እጅግ ጤናማና ጠንካራ አለት ጥንካሬውን በድንገት ይጥላል፤ መካከለኛው ቀስ በቀስ ይደክማል፤ በጣም ደካማው ግን ሳይደክም እየፈሰሰ ይቀጥላል። አለቱ ሲሰበር ምን ያህል እንደሚያብጥ የሚወስነውን የይዘት መስፋት ማዕዘን በተመለከተ ለጤናማው የሰበቃው ማዕዘን ሩብ፣ ለመካከለኛው ስምንተኛ፣ ለደካማው ዜሮ ይውሰዱ። ከሰበቃው ማዕዘን ጋር እኩል ማድረግ ለፕሮግራሙ ይመቸዋል፣ ስሌቱም ሳይንገራገጭ ያልቃል፤ አለቱ ግን ከልክ በላይ ስለሚያብጥ መፈናቀሉ የተጋነነ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ የኮንክሪቱ ሽፋን

አሁን ለግድግዳው ሽፋን የሚሆነውን ኮንክሪት እንውሰድ። በአገራችን ሲ-25 ሲባል በ150 ሚሊሜትር ኩብ ተፈትኖ 25 ሜጋፓስካል የሚሰጠውን ማለት ነው። የአውሮፓውን ኮድ የተከተለው የኢትዮጵያ የኮንክሪት ደረጃ ለስሌት የሚጠቀመው ግን የሲሊንደሩን ጥንካሬ 20ን ነው፤ ኩቡ የሚበልጠው ከማሽኑ ብረት ጋር ያለው ሰበቃ ስለሚደግፈው ነው። ሁለቱን ማምታታት ገና ከመጀመሪያው የሩብ ያህል ስሕተት ያስገባል። ባሕርይውን በትክክል ለመተንበይ የሚገባው አማካይ ጥንካሬ 28 ሲሆን፣ ሞዱለሱ 30 ጊጋፓስካል፣ አማካይ የጉተታ ጥንካሬው 2.2 ነው። የደኅንነት ማካፈያዎች በንድፍ ማረጋገጫው ላይ ይግቡ እንጂ ባሕርይን በሚተነብየው ሞዴል ውስጥ አይደባለቁ።

ኮንክሪት ከጥንካሬው 40 ከመቶ በላይ ሲጫን መስመሩ በግልጽ መጉበጥ ይጀምራል። የኮዱ ኩርባ ጫፉ ላይ የሚደርሰው በ0.002 ስትሬይን ነው፤ በግማሹ ማለትም በ0.001 ስትሬይን ላይ የሚሰጠው ስትረስ 21.8 ሲሆን፣ ቀጥታው መስመር ግን 30 ይል ነበር። ሞዴልዎ 21.8 አካባቢ መስጠቱን ያረጋግጡ። የዙሪያ ግፊት ኮንክሪቱን በእጅጉ ያጠነክረዋል፤ ሪቻርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1928 እንዳሳዩት እያንዳንዱ አንድ ሜጋፓስካል የዙሪያ ግፊት ከአራት በላይ ይጨምራል፣ ስለዚህ 2 ሜጋፓስካል የከበበው የኛ ኮንክሪት ወደ 36 ይጠጋል። በሁለት አቅጣጫ እኩል ሲጨመቅ ግን ጭማሪው 16 ከመቶ ያህል ብቻ ነው፤ አባቁስ በተባለው ፕሮግራም የጉዳት ፕላስቲሲቲ ሞዴል ውስጥ በመነሻነት የሚገባው 1.16 ከዚህ የመጣ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስተው የጉተታው ጎን ነው። ኮንክሪት ሲሰነጠቅ ጉልበቱ የሚውለው በስንጥቁ ላይ እንጂ በመላው አካል ላይ አይደለም። በፕሮግራሙ ውስጥ ስንጥቁ በአንድ ረድፍ ኤለመንት ላይ ስለሚያርፍ፣ የመዳከሙን ኩርባ በስትሬይን አንድ ጊዜ ብቻ ከሰጡ ኤለመንቱ ባነሰ ቁጥር ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ያንሳል፤ መረቡን ባደቀቁት ቁጥር ኮንክሪትዎ ይበልጥ ተሰባሪ እየሆነ ይሄዳል። መፍትሔው ሂለርቦርግ እ.ኤ.አ. በ1976 ያስገባው የስንጥቅ ጉልበት (አንድ ካሬ ሜትር ስንጥቅ ለመክፈት የሚያስፈልገው ጉልበት) ነው። እ.ኤ.አ. በ2010ሩ ሞዴል ኮድ (ዓለም አቀፍ የኮንክሪት ንድፍ መመሪያ) መሠረት 73 × አማካይ ጥንካሬ በ0.18 ኃይል ሲሆን ለ28 ሲሰላ በሜትር 133 ኒውተን ይሆናል። ኩርባው ቀጥ ብሎ ይወርዳል ካልን፣ ስንጥቁ ምንም የማይሸከምበት ስፋት 2 × 133 ÷ 2.2 ሚሊዮን ማለትም 0.121 ሚሊሜትር ነው። ይህን በኤለመንቱ ርዝመት ያካፍሉ፦ ለ25 ሚሊሜትር ኤለመንት 0.0048፣ ለ50 ሚሊሜትር 0.0024፣ ለ100 ሚሊሜትር 0.0012 ስትሬይን። የባዣንትና የኦህ የስንጥቅ ቀበቶ ዘዴ ዋናው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ፕሮግራሙ በስንጥቅ ስፋት መቀበል የሚችል ከሆነ ደግሞ 0.121ን በቀጥታ ይስጡት።

ሽፋኑ ለብዙ ዓመታት ሲጫን እየሰነፈ እንደሚሄድም አይዘንጋ፤ የዝግታ መለወጫው (በጊዜ ብዛት የሚጨመረው የቅርጽ ለውጥ ለመጀመሪያው ያለው ውድር) 2 ከሆነ 30 ጊጋፓስካሉ እንደ 10 ሆኖ ይሠራል። ሽፋኑ ለስላሳ ሲሆን የሚሸከመው የአለት ጭነት ስለሚቀንስ፣ ግትሩን ቁጥር ለሁሉም ጊዜ መውሰድ የተጋነነ የብረት ብዛት ያስከትላል።

ደረጃ 8፦ ማስኬድና መፈተሽ

ዋሻውን ከመሣልዎ በፊት አንዲት ኤለመንት ብቻ ያላት ሞዴል ይሥሩ። ለአለቱ በዙሪያ ግፊት 0፣ 5 እና 15 ይጫኗት፤ ለኮንክሪቱ ይጎትቷት። የኮንክሪቷ ኤለመንት በ2.2 ካልተሰነጠቀች፣ በኩርባው ሥር ያለው ስፋትም በኤለመንቷ ርዝመት ሲባዛ 133 ካልሆነ፣ ስሕተቱን እዚህ በግማሽ ሰዓት ያገኙታል፤ በትልቁ ሞዴል ውስጥ ግን ሳምንት ይፈጃል።

ከዚያ በኋላ በፕላክሲስ፣ በፍላክ ወይም በሌላ ፕሮግራም ዋሻውን ይሣሉ። የሞዴሉ ጠርዝ ከዋሻው ቢያንስ አምስት ዲያሜትር ይራቅ። በመጀመሪያ የምድሩን ስትረስ ብቻ ያስገቡና መፈናቀሉን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ቀጥሎ አለቱን የማይሰበር አድርገው ይቆፍሩና ከ2.7 ሚሊሜትሩ ጋር ያስተያዩ፤ ከዚያ የመሰበር መስፈርቱን ያስገቡ። በሁለት አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ ሞዴል የቁፋሮውን ግንባር ስለማያውቅ፣ በግድግዳው ላይ ያለውን ግፊት ከ8.1 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይቀንሱ፤ ሽፋኑን የሚያስገቡት የተወሰነው ክፍል ከተለቀቀ በኋላ ነው። ሽፋኑን ከመጀመሪያው ካስገቡት በተግባር ፈጽሞ የማይደርስበትን ጭነት ይሸከማል። በመጨረሻም የመረቡን ኤለመንቶች በግማሽ አሳንሰው ደግመው ያስኬዱ፤ መፈናቀሉ በጉልህ ከተለወጠ ገና አልጨረሱም።

አንድ ጂኤስአይ ብቻ የያዘ ሪፖርትም አያቅርቡ። በምሳሌያችን 50 ያልነውን አንድ ባለሙያ 40፣ ሌላው 60 ሊለው ይችላል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። በ40 ጥንካሬው 3.4 ሜጋፓስካል፣ ሞዱለሱ 4.0 ጊጋፓስካል ሲሆን፣ በ60 ደግሞ 10.8 እና 20.4 ይሆናል። ይህን ያህል ስፋት እያለ በሦስተኛው የነጥብ አሃዝ ላይ መከራከር ወረቀት ማባከን ነው። ሞዴሉን በሦስቱም ያስኬዱና ንድፉ በታችኛው ቁጥር ይቆም እንደሆነ ይዩ።

ደረጃ 9፦ ተራራውን መጠየቅ

ቁፋሮው ሲጀመር የግድግዳዎቹን መቀራረብ ይለኩ። የመለኪያው ችንካር የሚተከለው ግንባሩ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ፣ ከጠቅላላው መፈናቀል ሩብ እስከ አንድ ሦስተኛው ሳይለካ አልፏል። 30 ከመቶው አምልጧል ብንል፣ አለቱ ሳይሰበር ሲቀር በጂኤስአይ 50 ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚለካው መቀራረብ 3.8 ሚሊሜትር ያህል፣ በ40 ደግሞ 8.9 ያህል ነው። በዋሻው ውስጥ 9 ሚሊሜትር ቢለካ ወዲያው ጂኤስአዩን ወደ 40 ለማውረድ አይቸኩሉ፤ አለቱ እንደተገመተው ግትር ሆኖ ግድግዳው አካባቢ ብቻ ተሰብሮም ያው 9 ሊመጣ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው በአለቱ ውስጥ በተለያየ ጥልቀት የሚነበብ ኤክስተንሶሜትር ነው። አለቱ ሳይሰበር ለስላሳ ብቻ ከሆነ፣ ከግድግዳው 2.5 ሜትር ወደ ውስጥ ያለው ነጥብ የግድግዳውን ግማሽ ያህል ይንቀሳቀሳል፤ እንቅስቃሴው ሁሉ በመጀመሪያው ግማሽ ወይም አንድ ሜትር ውስጥ ተከማችቶ ከዚያ ወዲያ ያለው ጸጥ ካለ ግን የሚስተካከለው ሞዱለሱ ሳይሆን የጥንካሬው መስፈርትና በግድግዳው ዙሪያ የሣሉት የተጎዳ ቀለበት ውፍረት ነው።